ሕዝብ የፈቀደው መድኃኒት፦ ከድምፅ መስጫው ሣጥን እስከ በሽተኛው እጅ

በኖቬምበር 2020 የሚሲሲፒ ግዛት መራጮች ፕሬዚዳንት ለመምረጥ በወጡበት ዕለት በድምፅ መስጫ ወረቀታቸው ላይ ሌላም ጥያቄ ጠብቋቸው ነበር፤ በካንሰር፣ በሚጥል በሽታና በመሳሰሉት ከባድ ሕመሞች የሚሠቃይ ሰው፣ ሐኪሙ ካረጋገጠለት፣ ማሪዋናን ለሕክምና እንዲጠቀም ይፈቀድለት ወይስ አይፈቀድለት የሚል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄውን ያመጡት ፊርማ ያሰባሰቡ ተራ ዜጎች ናቸው። የግዛቱ ምክር ቤት ግን ዝም ብሎ አልጠበቀም፤ ዝርዝሩ ወደፊት በምክር ቤቱ የሚወሰን፣ ማጨስንም በሞት አፋፍ ላይ ላሉ ሕሙማን ብቻ የሚፈቅድ የራሱን አማራጭ በዚያው ወረቀት ላይ ከዜጎቹ ሐሳብ ጎን አኖረ። ስለዚህ መራጩ በመጀመሪያ «ከሁለቱ አንዱ ይጽደቅ» ወይም «ሁለቱም ይቅሩ» ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ ወርዶ ደግሞ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ያመለክታል። በችኮላ ለሚያነብ ሰው በቀላሉ የሚያምታታ ወረቀት ነበር። ያም ሆኖ ዶናልድ ትራምፕን በሰፊ ልዩነት የመረጠው ይህ ወግ አጥባቂ ግዛት ከሁለቱ አንዱ እንዲጸድቅ በግልጽ አብላጫ ወሰነ፤ በሁለተኛው ጥያቄ ምርጫቸውን ካመለከቱት መካከልም ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት የዜጎቹን ሐሳብ መረጡ።

ስድስት ወር ሲያልፍ፣ ሜይ 14 ቀን 2021፣ የሚሲሲፒ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስድስት ድምፅ ለሦስት ውጤቱን ሙሉ በሙሉ ሻረው። ምክንያቱ ከማሪዋና ጋር ግንኙነት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ዜጎች ፊርማ ሲያሰባስቡ ከአንድ የኮንግረስ ምርጫ ክልል የሚመጣው ፊርማ ከሚፈለገው ጠቅላላ ቁጥር አንድ አምስተኛ መብለጥ የለበትም ይላል። ድንጋጌው ሲጻፍ ሚሲሲፒ አምስት የምርጫ ክልሎች ነበሯት፤ ከ2000ው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ግን አንዱን አጥታ አራት ቀሯት። አራት ክልሎች እያንዳንዳቸው ከሃያ በመቶ ያልበለጠ ካዋጡ ድምሩ ሰማንያ በመቶ ላይ ይቆማል፤ መቶ የሚሞላበት መንገድ የለም። የማዲሰን ከተማ ከንቲባ ምርጫው ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ይህንኑ ጠቅሰው አቤት ብለው ነበርና የፍርድ ቤቱ አብላጫ ዳኞች ክርክሩን ተቀበሉ። በ2011 የመራጮች መታወቂያን የሚመለከት ሕግ በዚሁ መንገድ፣ በእነዚሁ አራት ክልሎች ዘመን፣ ሲጸድቅ ማንም አላስቆመውም ነበር።

ውሳኔው ከማሪዋናው አልፎ የዜጎችን ሕግ የማመንጨት መብት ራሱን አሽመደመደው። ለድሆች የሚሰጠውን የጤና መድን ለማስፋት በዚያው ሰሞን ፊርማ ማሰባሰብ የጀመሩ ሰዎች ሥራቸውን አቋረጡ፤ ምክር ቤቱም መብቱን ለመመለስ በተከታታይ ዓመታት ሐሳቦች ቢቀርቡለትም ሳይስማማ ቀረ። የሕክምናው ጉዳይ ራሱ በመጨረሻ በምክር ቤቱ በኩል ዞሮ መጣ። አገረ ገዥው ቴት ሪቭስ በፌብሩዋሪ 2022 ሕጉን ፈረሙ፤ ሕዝቡ አንድ በሽተኛ በወር እስከ አምስት አውንስ እንዲያገኝ የወሰነው በሦስት አውንስ ተወሰነ፤ የመጀመሪያው ሽያጭም የተካሄደው በ2023 መጀመሪያ፣ ሕዝቡ ድምፅ ከሰጠ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ኬሞቴራፒ ላይ ላለ ሰው ሁለት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት በአሜሪካ ግዛቶች ማሪዋናን ለሕክምና በሕዝብ ድምፅ የመፍቀድ ጉዞ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በምርጫው ምሽት ውጤት ስለሆነ ነው። ይህን ያህል በመቶ ደገፈ፣ ይህን ያህል ተቃወመ ተብሎ ዜናው ይዘጋል። እኔ የምለው ግን ይህ ነው፦ የሕዝብ ድምፅ በሽተኛን ከወንጀለኛ ተርታ ለማውጣት ፖለቲከኞች የማይደፍሩትን በር የሚከፍት ኃይለኛ መሣሪያ ነው፤ መድኃኒቱ በሽተኛው እጅ ስለመግባቱ ግን የሚወስኑት ሕጉ የተጻፈበት ቋንቋ እና ከምርጫው በኋላ ያንን ጽሑፍ ለመለወጥ ሥልጣን ያለው አካል ናቸው። መራጩ ደግሞ እነዚህን ሁለቱን አብዛኛውን ጊዜ አይመለከታቸውም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሕዝበ ውሳኔ ሲባል በቅድሚያ ትዝ የሚለው በኅዳር 2012 ዓ.ም. የተካሄደውን የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ የመሰለ፣ በሕገ መንግሥቱ መሠረት የራስን ክልል ስለመመሥረት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። እዚህ የምንነጋገርበት ሌላ ዓይነት ነው። ሃያ አራት በሚሆኑ የአሜሪካ ግዛቶች ማንኛውም የዜጎች ቡድን የሕግ ረቂቅ ጽፎ፣ ለባለሥልጣን አስመዝግቦ፣ የተወሰነ የመራጮች ፊርማ ካሰባሰበ ረቂቁ በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል። አሠራሩ ከግዛት ግዛት በጣም ይለያያል። አንዳንዱ ዘንድ የሚጸድቀው ተራ ሕግ ነው፣ ሌላው ዘንድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ አንዱ ከግማሽ በላይ ድምፅ ይበቃዋል፣ ፍሎሪዳ ስድሳ በመቶ ትጠይቃለች፤ ኔቫዳ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሁለት ተከታታይ አጠቃላይ ምርጫዎች እንዲጸድቅ ታዛለች። ፊርማው የሚሰበሰበው በገበያ አዳራሽ ደጃፍ፣ በአውደ ርዕይ ሜዳ፣ በቤተ መጻሕፍት በር ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም በክፍያ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው የሚሰበስቡት። በመሆኑም የሕዝብ ተነሳሽነት ቢባልም ገንዘብ የሌለው ቡድን እምብዛም አይሳካለትም።

ይህ ልዩነት ለስደተኛው ማኅበረሰባችንም ትርጉም አለው። በሎስ አንጀለስ፣ በሲያትል፣ በዴንቨር፣ በላስ ቬጋስ እና በዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ ዜግነት ያገኙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን እንዲህ ያለ ጥያቄ በቀጥታ ሊቀርብላቸው ይችላል። በቨርጂኒያ፣ በቴክሳስ፣ በጆርጂያ እና በሚኒሶታ የሚኖሩት ግን በግዛት ደረጃ ይህ መንገድ የላቸውም፤ የዚያ አካባቢ በሽተኛ የሚያገኘው ምክር ቤቱ የፈቀደለትን ያህል ብቻ ነው። ቴክሳስና ጆርጂያ ለዓመታት አነስተኛ የአደንዛዥነት ኃይል ባላቸው ዘይቶችና መሰል ውጤቶች ላይ የቆዩት በከፊል በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

መነሻው ካሊፎርኒያ ነው፤ የዚያ እንቅስቃሴ ልብ ደግሞ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በኤድስ የተመታችው የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነበረች። በዚያን ጊዜ ሕሙማኑ ክብደታቸው እየወረደ፣ የሚወስዱት መድኃኒት እያቅለሸለሻቸው ምግብ አልወርድ ይላቸው ነበር፤ ማሪዋና የምግብ ፍላጎታቸውን እንደሚመልስላቸው ከራሳቸው ልምድ ያውቁ ነበር። ዴኒስ ፔሮን የተባለው የመብት ተሟጋች፣ የሕይወት ጓደኛውን በ1990 በኤድስ ካጣ በኋላ፣ ለሕሙማን ማሪዋና የሚያቀርብ ክበብ አቋቋመ፤ ክበቡ ኋላ ማርኬት ጎዳና ላይ ባለ አንድ ሕንጻ ውስጥ በይፋ ይሠራ ነበር። በ1991 የከተማዋ መራጮች ለሕሙማን የሚደግፍ የአቋም መግለጫ በሰማንያ በመቶ ገደማ ድምፅ አጸደቁ። የግዛቱ ምክር ቤትም በ1994 እና በ1995 ሕግ አውጥቶ ነበር፤ አገረ ገዥው ፒት ዊልሰን ሁለቱንም አልፈርምም ብለው መለሷቸው። በምክር ቤት በኩል ያለው በር ሁለት ጊዜ ሲዘጋ ነው ዘመቻው ወደ ሕዝብ የዞረው። ኖቬምበር 5 ቀን 1996 «ፕሮፖዚሽን 215» በ55.6 በመቶ ድምፅ ጸደቀ፤ ካሊፎርኒያም ማሪዋናን ለሕክምና በሕዝብ ድምፅ የፈቀደች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች።

በዚያው ቀን የአሪዞና መራጮች ተመሳሳይ ሕግ በ65 በመቶ፣ ማለትም ከካሊፎርኒያ በሚበልጥ ድምፅ፣ አጸደቁ። ሆኖም የካሊፎርኒያው ሕግ ሕያው ሆኖ ሲቀጥል የአሪዞናው በሥራ ላይ ሳይውል ሞተ። ልዩነቱ አጻጻፉ ላይ ነበር። የአሪዞናው ሕግ ሐኪሙ ማሪዋናን «እንዲያዝ» ይጠይቃል፤ በፌዴራል ሕግ ደግሞ ማሪዋና ከ1970 ጀምሮ የሕክምና ጥቅም የላቸውም በተባሉት የመጀመሪያ ምድብ ዕፆች ውስጥ ስለሚገኝ፣ በማዘዣ ወረቀት ላይ የጻፈው ሐኪም መድኃኒት የማዘዝ ፈቃዱን ያጣል። የካሊፎርኒያው ሕግ ግን የሐኪሙን «ምክር ወይም ይሁንታ»፣ በቃልም ሆነ በጽሑፍ፣ በቂ አደረገው። የፌዴራል መንግሥት በ1996 መጨረሻ እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጡ ሐኪሞችን ፈቃድ እንነጥቃለን ብሎ ሲያስፈራራ ሐኪሞችና ሕሙማን ከሰሱ፤ በ2002 የዘጠነኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሐኪም ከበሽተኛው ጋር በግልጽ መነጋገሩ በንግግር ነጻነት የተጠበቀ ነው ብሎ ፈረደላቸው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን ሳያየው ጸና። ከዚያ ወዲህ የወጡት የግዛት ሕጎች በሙሉ ማለት ይቻላል ከማዘዣ ሸሽተው «ምክር» ወይም «የሐኪም ማረጋገጫ» በሚለው ላይ የቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። አሪዞና የሚሠራ ሕግ ያገኘችው ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ በ2010 ሲሆን፣ እሱም ከአንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ በላይ ድምፅ ተሰጥቶ ያለፈው በአራት ሺህ ሦስት መቶ ገደማ ድምፅ ብልጫ ነው።

አሪዞና ሌላም ትምህርት ትታለች። የ1996ቱ ሕግ እንደጸደቀ የግዛቱ ምክር ቤት የፌዴራል መድኃኒት ባለሥልጣን እስኪፈቅድ ይቆይ የሚል ሕግ አውጥቶ የሕዝቡን ውሳኔ ሸበበው። በዚህ የተቆጡት ዜጎች በ1998 የምክር ቤቱን ሕግ በድምፅ ጣሉት፤ በዚያው ምርጫም ሕዝብ ያጸደቀውን ሕግ ምክር ቤቱ ጨርሶ እንዳይሽር፣ ለማሻሻልም የሦስት አራተኛ ድምፅ እንዲያስፈልገውና ማሻሻያው የሕጉን ዓላማ የሚያራምድ እንዲሆን የሚያስገድድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቁ። እንግዲህ በማሪዋና የተነሳ ጠብ የግዛቲቱን የሥልጣን ሚዛን ቀየረ ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ሰዎች ይህን እምብዛም አያነሡትም፤ እኔ ግን ከመቶኛዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚከብድ አድርጌ አየዋለሁ።

በዋሽንግተን ዲሲ የሆነው ከዚህ ሁሉ ይብሳል። የከተማዋ ነዋሪዎች በኖቬምበር 1998 ማሪዋናን ለሕክምና ስለመፍቀድ ድምፅ ሰጡ፤ ድምፁ ግን ሳይገለጽ ተቀመጠ። የዲሲን በጀት የሚቆጣጠረው ኮንግረስ፣ የጆርጂያው ተወካይ ቦብ ባር ባቀረቡት ማሻሻያ፣ ከተማዋ በዚህ ጉዳይ ላይ ገንዘብ እንዳታወጣ ከልክሎ ነበርና የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ውጤቱን ማውጣት እንኳ ወጪ ነው ተብሎ ታገደ። ሰዎች ወረፋ ይዘው የሰጡት ድምፅ ለአንድ ዓመት ያህል በመንግሥት እጅ ተደብቆ ከቆየ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1999 በአንድ የፌዴራል ዳኛ ትእዛዝ ሲገለጥ 69 በመቶ ድጋፍ ተገኘ። ኮንግረስ ግን ክልከላውን እስከ 2009 መጨረሻ ድረስ እያደሰ ቀጠለ፤ የመጀመሪያው ሕጋዊ ሽያጭ የተፈጸመው በ2013 ነው። ከድምፅ እስከ መድኃኒት አሥራ አምስት ዓመት። ዘመቻውን ከጀመሩት መካከል የነበረው የኤድስ መብት ተሟጋች ስቲቭ ማይክል ድምፁ የተሰጠበትን ቀን እንኳ ሳያይ በዚያው በ1998 ዓመት በኤድስ ሞቷል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎች የሚያነሡት አንድ ጥያቄ በቁም ነገር መመለስ አለበት፦ መድኃኒት መሆን አለመሆኑ በሳይንስ እንጂ በሕዝብ ድምፅ ይወሰናል ወይ? አይወሰንም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አንድን መድኃኒት የሚያጸድቀው ምን ያህል እንደሚወሰድ፣ ለማን እንደሚበጅ፣ ለማን እንደሚጎዳ በክሊኒካዊ ሙከራ ሲረጋገጥ ነው። በዚህ መንገድ ያለፉ ከዕፁ ጋር የተያያዙ መድኃኒቶች አሉ፤ በኬሞቴራፒ ለሚመጣ ማቅለሽለሽ የሚሰጠው ድሮናቢኖል በ1985፣ ለሁለት ብርቱ የልጅነት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች የሚሰጠው ኤፒዲዮሌክስ በ2018 ጸድቀዋል። ደረቁ ተክል ራሱ ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ አግኝቶ አያውቅም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች በጃንዩዋሪ 2017 ያወጡት ሰፊ ግምገማ ለሦስት ነገሮች ጠንካራ ማስረጃ እንዳለ አስፍሯል፤ ለአዋቂዎች ሥር የሰደደ ሕመም፣ በኬሞቴራፒ ለሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ እንዲሁም መልቲፕል ስክለሮሲስ ያለባቸው ሰዎች ለሚሰማቸው የጡንቻ መጨምደድ። ያው ግምገማ በሌላ በኩል ዕፁን መጠቀም ከስኪዞፍሬኒያና ከመሳሰሉት የአእምሮ ሕመሞች ጋር መያያዙን፣ አዘውትረው በሚጠቀሙት ላይም አደጋው እንደሚያይል ገልጿል። የመጀመሪያዎቹ ሕጎች ከእነዚህ ሦስት ነገሮች እጅግ የረዘመ የበሽታ ዝርዝር ይዘው ነው ለመራጩ የቀረቡት።

እንግዲህ መራጩ በትክክል ሊመልሰው የሚችለው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፦ ሐኪሙ እያወቀ፣ ከሕመሙ ፋታ ለማግኘት ይህን ዕፅ የሚወስድ ሰው ይታሠር ወይ? ይህ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ እሱን ለመመለስ የላብራቶሪ ውጤት አያስፈልግም፤ ሕዝብም ሊፈርድበት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ሕጉ ከዚህ አልፎ ስለ መጠን፣ ስለ ጥራት ምርመራ፣ ስለ ሱቅ ብዛትና ስለ እርሻ ፈቃድ በአንድ ትንፋሽ ሲወስን ነው ችግሩ የሚመጣው።

ኦክላሆማ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በጁን 2018 በ57 በመቶ ገደማ የጸደቀው ሕጓ የበሽታ ዝርዝር አልነበረውም፤ ሐኪም ተገቢ ነው ካለ በቂ ነው። የእርሻም የሱቅም ፈቃድ 2,500 ዶላር ብቻ ሲሆን የፈቃዱ ብዛት ገደብ አልተበጀለትም። የጤና ቦርዱ ወዲያውኑ የሚጨሰውን እንዳይሸጥ የሚከለክል፣ በየሱቁም ፋርማሲስት እንዲኖር የሚያዝ ደንብ አወጣ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቦርዱ ከሥልጣኑ አልፏል ብለው ስላሉ ደንቡ ተሻረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አራት ሚሊዮን ሕዝብ ባላት ግዛት ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ የሕክምና ካርድ ያዘ፤ የሱቆቹ ቁጥር ከካሊፎርኒያ በለጠ፤ ገጠሩ በሺዎች በሚቆጠሩ እርሻዎች ተሞላ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ምርታቸውን ከግዛቱ ውጪ በሕገ ወጥ መንገድ እንደሚሸጡ የሕግ አስከባሪዎች ደጋግመው ገለጹ። ምክር ቤቱ በ2022 አዲስ ፈቃድ መስጠት አቆመ። በማርች 2023 ደግሞ ያው መራጭ ማሪዋና ለመዝናኛ ይፈቀድ የሚለውን ጥያቄ ከ60 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረገው። አንዳንዶች ይህን የሕዝብ መጸጸት አድርገው ያዩታል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን በ2018 የበሽተኛውን መብት ሊያስከብር የወጣው መራጭ የንግድ ሕግም አብሮ እንደተሰጠው ያወቀው እርሻዎቹ ከተስፋፉ በኋላ ነው።

በተቃራኒው ጫፍ ዩታ አለች። በኖቬምበር 2018 የዩታ ሕዝብ በ53 በመቶ ገደማ ያጸደቀው ሕግ ከምርጫው አንድ ወር ሳይሞላ፣ በዲሴምበር መግቢያ ላይ በተጠራ ልዩ የምክር ቤት ጉባኤ በሌላ ሕግ ተተካ። በግዛቱ ከፍተኛ ተሰሚነት ያላት የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ተቃውማ፣ ከዘመቻው መሪዎች ጋር ከምርጫው በፊት የተደረሰውን ስምምነት ደግሞ ደግፋለች። የጸደቀው ተራ ሕግ ስለነበር ምክር ቤቱን የሚያግደው አልነበረም። ፍሎሪዳን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በዚያ በ2014 የቀረበው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ 57.6 በመቶ አግኝቶ ስድሳውን ባለመሙላቱ ወደቀ፤ በ2016 ተመልሶ ሲቀርብ ከ71 በመቶ በላይ አገኘ። የፍሎሪዳ ምክር ቤት በዓመቱ የሚጨሰውን ቢከለክልም፣ ድንጋጌው ሕገ መንግሥታዊ በመሆኑ አንዲት ዳኛ ክልከላው ተቀባይነት የለውም ብለው ወሰኑ፤ በ2019ም ክልከላው በሕግ ተነሣ። ለመጽደቅ አስቸጋሪ የነበረው ማሻሻያ ከጸደቀ በኋላ ለመሸርሸርም አስቸጋሪ ሆነ።

ኔብራስካ የሁሉንም እንቅፋት በአንድ ቦታ ያሳየች ግዛት ናት። ዘመቻውን ያካሄዱት፣ ከመካከላቸውም የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች ወላጆች ያሉበት ቡድን፣ በ2020 ፊርማ አሟልተው ወረቀቱ ላይ ሊገቡ ሲሉ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጽሑፉ ከአንድ በላይ ጉዳይ ይዟል ብሎ አስወጣው። በ2022 ረቂቁን ለሁለት ከፍለው ተመለሱ፤ የፊርማው ቁጥር አልሞላም። ደንቡ ጠቅላላ ቁጥር መሙላትን ብቻ አይጠይቅም፤ ከ93ቱ የገጠርና የከተማ አውራጃዎች በ38ቱ፣ በእያንዳንዳቸው ከተመዘገቡት መራጮች አምስት በመቶው መፈረም አለበት። በትልልቆቹ ከተሞች በኦማሃና በሊንከን ሰው ሞልቶ ቢፈርምም ጥቅም የለውም፤ ከብት ከሰው ወደሚበዛበት አውራጃ መኪና አስነሥቶ መሄድ የግድ ነው። በ2024 ለሦስተኛ ጊዜ ሞክረው ሁለቱንም ረቂቆች አስገቡ፤ አንዱ 71 በመቶ ገደማ፣ ሌላው ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ አገኙ። ፊርማዎቹ በትክክል አልተረጋገጡም የሚለው ክስ ግን ከምርጫው በፊት ተጀምሮ ከምርጫውም በኋላ ቀጠለ፤ ደንብ እንዲያወጣ የተቋቋመው ኮሚሽንም በ2025 ባወጣው ጊዜያዊ ደንብ የሚጨሰውን ከለከለ። የልጆቻቸውን ሕመም ይዘው በየአውራጃው የተንከራተቱ እናቶች ሦስት ዙር ፈርመው አስፈርመው፣ ሕጉ ከጸደቀም በኋላ ገና ከኮሚሽን ደጃፍ መቆማቸው ያሳዝናል። አሠራሩ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ፍትሐዊ ነው ለማለት ግን እቸገራለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የፌዴራል ሕግ አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005፣ በ«ጎንዛሌስ በራይች» ጉዳይ፣ በካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት ለራሱ ሕክምና ብቻ የሚያበቅልን ሰው እንኳ የፌዴራል መንግሥት ሊከለክለው እንደሚችል በስድስት ለሦስት ወስኗል። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ኮንግረስ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በጀቱን የግዛቶቹን የሕክምና ማሪዋና ሥርዓት ለማደናቀፍ እንዳያውል በየዓመቱ ይከለክላል፤ ይህ ግን የገንዘብ ገደብ እንጂ ሕጉን የቀየረ ውሳኔ አይደለም።

ለእኛ ማኅበረሰብ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ በአማርኛ የሚነገረው ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። ግሪን ካርድ ይዞ በካሊፎርኒያ ወይም በኮሎራዶ የሚኖር ሰው የግዛቱ ሕግ ስለፈቀደለት የሕክምና ካርድ አውጥቶ ሲጠቀም ምንም ጥፋት እንዳልሠራ ያስባል። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የሚመለከተው የፌዴራሉን ሕግ ነው። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ በግዛት ሕግ የተፈቀደ የማሪዋና አጠቃቀምም ሆነ በዚያ ንግድ መሥራት ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። በቃለ መጠይቅ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያ «አዎ፣ ተጠቅሜያለሁ» ማለት ብቻውን፣ የፍርድ ቤት ጥፋተኝነት ሳይኖር፣ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል። በማሪዋና ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ መሥራትም እንደዚያው። የሐኪሙ ካርድ ከዚህ አያድንም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሥራ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚተዳደሩት ትራክ በመንዳት ነው። የፌዴራል ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የንግድ መንጃ ፈቃድ ላላቸው አሽከርካሪዎች ባወጣው የምርመራ ደንብ፣ በሽንት ውስጥ የማሪዋና ምልክት የተገኘበት ሰው የግዛቱ የሕክምና ካርድ ማሳየቱ ተቀባይነት ያለው ምክንያት አይሆንለትም፤ ውጤቱም ከ2020 ጀምሮ አሠሪዎች ሁሉ በሚያዩት የፌዴራል መዝገብ ውስጥ ይገባል። የጀርባ ሕመም ያለበት አሽከርካሪ ለእንቅልፍ ብሎ በሱቅ የገዛው ማሪዋና ያለበት ከረሜላ መሪውን ሊያስጥለው ይችላል ማለት ነው። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በሜይ 2024 ማሪዋናን ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው ምድብ ለማውረድ ሐሳብ አቅርቧል፤ በዲሴምበር 2025ም ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሂደቱ እንዲፋጠን አዘዋል። ነገር ግን የኢሚግሬሽን ሕጉ የሚጠቅሰው በማንኛውም ምድብ ያለን ቁጥጥር የሚደረግበትን ዕፅ ስለሆነ፣ ምድቡ ቢቀየር እንኳ ዜጋ ላልሆነ ሰው ሥጋቱ አይነሣለትም። የግዛት ሕዝበ ውሳኔ ይህን ሊለውጠው አይችልም፤ የሚችለው የፌዴራል መንግሥት ብቻ ነው። በየአብያተ ክርስቲያናቱ፣ በየመስጊዱና በየማኅበሩ ስለ ዜግነት ማመልከቻ የሚያስረዱ ሰዎች ይህን ጉዳይ በስም ጠርተው ሊያነሡት ይገባል፤ ነውር ነው ተብሎ ሲታለፍ የሚጎዳው የማያውቀው ነው።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ክርክሩ የደረሰበትን ቦታ አይዳሆ ታሳያለች። አይዳሆ ማሪዋናን ለሕክምና እንኳ ካልፈቀዱት ጥቂት ግዛቶች አንዷ ናት። ምክር ቤቷ በ2025 አንድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጽድቆ ለኖቬምበር 2026 ምርጫ መራው፤ ማሪዋናንም ሆነ ሌሎች አደንዛዥ ዕፆችን የመፍቀድ ሥልጣን የምክር ቤቱ ብቻ ይሁን የሚል ነው። ይህ ከጸደቀ የግዛቱ ዜጎች ፊርማ አሰባስበው ይህን ጉዳይ ለሕዝብ ውሳኔ የሚያቀርቡበት መንገድ ይዘጋል። በሌሎቹ ግዛቶች ሕዝቡ የተጠየቀው በሽተኛው ይፈቀድለት ወይ ተብሎ ነበር፤ የአይዳሆ መራጭ ግን የሚጠየቀው በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለተኛ እንዳይጠየቅ ይስማማ እንደሆነ ነው። ዕፁን የሚቃወም ሰው እንኳ ይህን ሲያይ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ሕጉን መቃወም አንድ ነገር ሆኖ ሳለ፣ የራስን ድምፅ ፈርሞ ማስረከብ ሌላ ነው።